ዥጉርጉሩ አውሮፕላን

የጋለ ፕላስቲክና የተቃጠለ አቧራ ሽታ ባላሰብኩት ሰዓት ይመጣብኛል። ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከፍተን ስናጸዳ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ብሎን መፍቻውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁና፣ የሥራ ባልደረባዬ «ምነው፣ ኮረንቲ ያዘህ እንዴ?» ብላ እስክትጠይቀኝ ድረስ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጋምቤላ ከተማ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነበር። የሚገርመው ከሽታው ጋር ቀድሞ የመጣው ናፍቆት አልነበረም፣ ቅናት ነበር። ናፍቆት ቢሆን ኖሮ እነግራት ነበር፤ ቅናት ግን ለባልደረባ የሚወራ ነገር ስላልሆነ «ምንም አይደለም» ብዬ ብሎኑን መፍታቴን ቀጠልኩ።

አባቴ ጋትሏክ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነበር። ኑዌር ነው፤ ከጠረፉ ማዶ የቀረ ብዙ ዘመድ አለው። እናቴ ደግሞ ከጎጃም ተመድባ መጥታ በዚያው የቀረች ነርስ ስትሆን፣ አባቴ ሊያናድዳትም ሊያቆላምጣትም ሲፈልግ «ሲስተር» እያለ ነበር የሚጠራት። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነበር። የአባቴን ቋንቋ በመጠኑ እሰማለሁ እንጂ ስናገረው የሰፈር ልጆች ይስቁብኝ ስለነበር፣ ቀስ በቀስ መናገሩን ተውኩት። እሑድ እሑድ ከአባቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መዝሙሩን በቃሌ እየዘመርኩ፣ ግማሹ ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ እመለስ ነበር። ያኔ ይህ ነገር ጉድለት መስሎኝ አያውቅም።

ላፕቶፑን ያገኘነው ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ይሠራ ከነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲሸጥ፣ እኔም በዚያ ዓመት ከክፍል አንደኛ ወጥቼ ስለነበር አባቴ ገዛልኝ። ባትሪው የሞተ ስለሆነ መብራት ከጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ከሥሩ የሚወጣው ሙቀት ጭን ያቃጥላል፤ ውስጡ ግን ፈረንጁ ሳያጠፋው የረሳው አንድ ጨዋታ ነበር። ጨዋታው አውሮፕላን መሥራት ነበር። አካሉን፣ ክንፉን፣ ሞተሩን፣ ጭራውንና ጎማውን ከጎን ካለው ዝርዝር እየመረጡ ይገጣጥሙና፣ ቀለም ቀብተው፣ ስም ሰጥተው ያበሩታል። እኔ የምወደው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል ብቅ ያሉትን ተዋጊዎች የሚመስሉትን መሥራት ነበር፤ ያኔ ሊሠሩ ይችሉ ነበር የሚባሉ፣ ነገር ግን በእውን ኖረው የማያውቁ፣ ሞተራቸው ከኋላ የሆነ፣ ጭራቸው ሁለት የሆነ፣ ከኔ በቀር ማንም ያላሰባቸው አውሮፕላኖች።

ችግሩ አይበሩም ነበር። የመጀመሪያውን «መብረቅ አንድ» ብዬ ሰየምኩት፤ ከመነሻው ሳይላቀቅ በጀርባው ተገለበጠ። «መብረቅ ሁለት» ተነሥቶ በጭራው ቆመና ወደቀ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ መብረቅ ዘጠኝ ደረስኩ፣ ዘጠኙም መሬት ላይ ነው የመቱት። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ብርቱካናማ ሰደርያውን እያወለቀ ከኋላዬ ቆሞ ያይና፣ «ሳሚ፣ ኋላ ብዙ ጭነሃል። እኛ ኋላ ብዙ ሻንጣ ስንጭን አለቃ ይቆጣል፣ አፍንጫ ይነሣል» ይለኝ ነበር። እኔ ግን የክፍሌ አንደኛ ነበርኩና፣ ሻንጣ ጫኝ ስለ ተዋጊ አውሮፕላን ምን ያውቃል ብዬ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈስሰው ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

በዚያው ክረምት ባሮ ሞልቶ፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ መኪና አላሳልፍ ሲል፣ ቾል ጠረፍ አጠገብ ካለችው ከማታር በጀልባ መጣ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ልጅ ነው፤ በዕድሜ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል፣ በቁመት ግን በሁለት ስንዝር። በበጋው ከብቶቻቸው ተዘርፈው ስለነበር አጎቴ የተረፉትን ይዞ እዚያው ቀርቶ፣ ልጁን እንዲማር ወደ እኛ ላከው። ይዞት የመጣው በአንድ ፌስታል የተቋጠረ ሁለት ሸሚዝ ነበር። አባቴ እኔንና እናቴን ለብቻችን ጠርቶ፣ «ስለ ከብት አትጠይቁት። ራሱ ያወራል፣ ሲፈልግ» አለን፣ እኛም አልጠየቅንም።

እናቴ ግማሽ አልጋዬን፣ አባቴ ግማሽ ላፕቶፔን ሰጡት። አልጋውስ ይሁን። ያቃጠለኝ ግን ቾል አባቴን ልክ እንደኔ «አባባ» ብሎ መጥራቱ፣ አባቴም ምንም እንዳልተፈጠረ «አቤት» ማለቱ ነበር። እናቴ ኩርፊያዬን አይታ፣ «የወንድም ልጅ እንደ ልጅ ነው፣ ምን ያስቀናሃል?» ትለኛለች፤ እኔም «ማን ቀና?» እያልኩ እቆጣለሁ። ማታ ማታ ራት ላይ አባቴና ቾል በቋንቋቸው ሲያወሩ፣ አባቴ ከእኔ ጋር ሆኖ ስቆት የማያውቀውን ሳቅ ይስቅ ነበር፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ። ምን እንዳሳቀው ስጠይቀው «በአማርኛ አያስቅም» ይለኛል። እንዲህ ያለ መልስ የሰጠህን ሰው ወደህ፣ ያሳቀውን ሰው ባትጠላ ምን ታደርጋለህ? ጠላሁት።

ቾል ለብዙ ሳምንት ላፕቶፑን አልነካውም። ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ፣ ረጃጅም እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ዝም ብሎ ያያል። የእሱ ተራ ሲደርስ «አንተ ሥራ» ይለኛል፤ እኔም ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ብዬ በተራው ላይ እጫወታለሁ። ለካ ሞኙ እኔ ነበርኩ። እኔ አውሮፕላን ስሰብር እሱ አባቴን ይጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱ ከኒም ዛፉ ሥር ተቀምጠው፣ አንድ ጣውላ ድንጋይ ላይ አጋድመው፣ በጣውላው ጫፍና ጫፍ ማንጎ እየደረደሩ አገኘኋቸው። አባቴ አንዱን ማንጎ ከኋላ ወደ ፊት ሲያዛውረው ጣውላው ቀስ ብሎ ይስተካከላል። ሻንጣ አጫጫን እያስተማረው ነበር። ለእኔ በቃል የነገረኝን ለእሱ በማንጎ አሳየው ብዬ ተናደድኩ፤ ለእኔ ሲነግረኝ ዞሬ እንኳ አይቼው እንደማላውቅ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ዝናቡ አልቆ ባሮ ወደ መሐሉ ሲሰበሰብ ቾል የራሱን አውሮፕላን ጀመረ። መብራት እየጠፋበት፣ የሠራው ሁሉ እየጠፋ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እየጀመረ፣ ሳይማረር ሳምንታት ፈጀበት። ሲያልቅ አይቼ ሳቅሁ። ቀኙ ክንፍ እንደ ማንኛውም ክንፍ ነው፤ ግራው ግን አጥሮ፣ ወደ ፊት ታጥፎ በአፍንጫው በኩል ይጎነበሳል። ሞተሩም ከመሐል ወደ ቀኝ ሸሽቷል። ቀለሙ ነጭ ሆኖ በጎኑና በሆዱ ላይ ቡናማና ጥቁር ጠቃጠቆ ተነስንሶበታል፣ አንገቱ ጋ በዛ ብሎ፣ ጭራው ጋ ሳሳ ብሎ። እያንዳንዱን ጠብታ እያሰበ ነው ያስቀመጠው፤ አንዷን አስቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ገልጦ፣ ትንሽ ያነሣትና እንደገና ያስቀምጣታል። ስሙን «ኩዋች» አለው።

«ክንፉ ጠማማ ነው» አልኩት።

«አዎ» አለ ቾል።

«እና አይበርም።»

«ይበራል» አለና አስነሣው። በረረ። ጠማማው ክንፍ ባለበት፣ ሞተሩ ወደ ቀኝ ያጋደለው ክብደት እያመጣጠነው፣ ከመነሻው ተላቅቆ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ እንደ ዳክዬ አረፈ።  በማግስቱ እሱ ውኃ ሊቀዳ ሲወጣ ከፍቼ ክንፉን እንደ ሌላው አቃናሁት። ይሻሻላል ብዬ ነው ብል ውሸት ነው፤ ያለ እኔ እርዳታ ሊበር እንደማይችል ለማየት ነበር። ክንፉን ሳቃናው አውሮፕላኑ ተነሥቶ ወዲያው ተንከባሎ ወደቀ። ስለዚህ ወደ ጠማማነቱ መለስኩትና ላፕቶፑን ዘጋሁት።

በዚያ ዓመት መጋቢት፣ ቆርቆሮው እየተንጣጣ፣ ሰው ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ሥር ተጋድሞ በሚውልበት ሙቀት፣ አባቴ ከሥራ አንድ ወሬ ይዞ መጣ። ለአንድ ቀን እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ልጅ ይዞ መጥቶ አውሮፕላን በቅርብ እንዲያሳይ ተፈቅዷል። አንድ ልጅ። እናቴ ወዲያው ወደ እኔ አየች፣ አባቴ ግን ምሳውን እየበላ፣ «ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ በደንብ የሚያርፍ አውሮፕላን የሠራ ይሄዳል። ቅዳሜ አያለሁ» አለ። አውሮፕላን ለማየት ብቻ አልነበረም ጉጉቴ። አባቴ በሥራ ቦታው፣ በጓደኞቹ ፊት እጄን ይዞ «ልጄ ነው» ሲል መስማት ነበር የፈለግሁት። ቾል በእኔ ቦታ ቆሞ ያን ቃል ሲባል ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር።

እስከ ዓርብ ድረስ መብረቅ አሥርን ስሠራ ሰነበትኩ፤ አልበረረም። ቅዳሜ ረፋድ ቾል ለመዝሙር ልምምድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነበር። የእሱን ኩዋች ኮፒ አድርጌ፣ ስሙን «መብረቅ አሥር» አልኩት። ጠቃጠቆውን ላጠፋው አስቤ ነበር፤ ግን አምሮበታል አልኩ። በጨዋታው ውስጥ ካሉት ሥዕሎች ብዙዎቹ የጦር አውሮፕላኖች ከጠላት ዓይን የሚሰውር ዝንጉርጉር ቀለም ነበራቸውና፣ ይህም ያው ነው ብዬ ተውኩት።

አባቴ ምሳ በልቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ እናቴም ሥራ ስላልነበራት መጣች። ቾልም ተመልሶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እኔ ዕጣ እንኳ ሳንጣጣል «እኔ ልጀምር» ብዬ ላፕቶፑን አዞርኩላቸው። አውሮፕላኑ ተነሣ፣ ዞረ፣ አረፈ። እናቴ አጨበጨበች። ቾልን ላለማየት ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ቀረበ። ጣቱን ዘርግቶ ወደ ፊት የታጠፈውን የግራ ክንፍ ስክሪኑ ላይ ነካ፣ ከዚያ አንገቱ ጋ ያለውን ጠቃጠቆ።

«ይሄን የት አየኸው?» አለኝ።

«የቱን?»

«በሬውን።»

«በሬ አይደለም፣ አውሮፕላን ነው» አልኩት። «ጠቃጠቆው ከጠላት መደበቂያ ነው። ከላይ ሲያዩት የዛፍ ጥላ ይመስላል።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ አይቶኝ አያውቅም፤ ቁጣ ቢሆን እሸከመው ነበር። «ይሄ ቀለም ማን ይባላል?» አለኝ በቀስታ።

«ነጭ፣ ቡናማ... ዝም ብሎ ጠቃጠቆ።»

«እኛ አገር ቡሬ ነው የሚባለው» አለች እናቴ፣ ልታግዘኝ ብላ። እሷ እንኳ በራሷ ቋንቋ ለቀለሙ ስም ነበራት።

አባቴ ወደ ቾል ዞሮ በቋንቋቸው አንድ አጭር ነገር ጠየቀው። ቾልም አንገቱን ደፍቶ አንድ አጭር ነገር መለሰ። በመሐሉ «ኩዋች» የሚለውን ብቻ ሰማሁ። እኛ ዘንድ እንደሚደረገው፣ ወጣት ወንድ ልጅ የራሱ በሬ ይሰጠዋል፣ የበሬውን ቀለም ስም ይዞ ይጠራል፣ የግራ ቀንዱንም ገና ወይፈን ሳለ እየሞረደ ወደ ፊት እንዲያድግ ያደርገዋል። ይህን ጋምቤላ ውስጥ የማያውቅ የኑዌር ልጅ የለም፤ እኔም በወሬ አውቀው ነበር። ኩዋችም የዚያ ጠቃጠቆ ቀለም ስም ነው። በስክሪን ላይ ሲመጣ ግን አላወቅሁትም። የቾል በሬ አባቴ ከተማ ሲገባ ከወንድሙ ዘንድ ከተዋት ላም የተወለደ ነበር። ከተዘረፉት መሐል እሱም እንዳለ አባቴ የሰማው በዚያች ቅዳሜ፣ በእኔ ሌብነት ምክንያት ነው።

«ማን ሠራው?» አለ አባቴ፣ አሁን በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ።

«ሳሚ ሠራ» አለ ቾል። «እኔ በሬ ነገርኩት፣ እሱ ሠራ።»

ውሸቱን አራታችንም አውቀነዋል። እናቴ ወደ ውስጥ ስትገባ በአጠገቤ አልፋ፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ፣ ሳሚዬ» አለችኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ። አባቴ ግን፣ «ቾል አንተ ሠራህ ካለ አንተ ትሄዳለህ። ልጁን ውሸታም አላደርገውም» አለኝ።

ሄድኩ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ጠዋት በሰርቪስ ከአባቴ ጋር ሄጄ፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ጆሮዬን ደፍኜ አየሁ፤ የጎማውን ጎን በእጄ ነካሁ፣ ይሞቃል። የአባቴ ጓደኞች ሰደርያቸውን ለብሰው ከበቡን። አባቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ «ልጄ ነው» አለ። ስንት ሌሊት የጠበቅሁት ቃል ነበር። አንደኛው ጓደኛው ሳቅ ብሎ እጁን ዘረጋልኝና፣ «ያ አውሮፕላን የሚሠራው? ስትነግረን የከረምከው?» ብሎ አባቴን ጠየቀ።

«አይ» አለ አባቴ። «ያኛው ቤት ነው።»

ክፋት አልነበረበትም። ለተጠየቀው ጥያቄ ነው የመለሰው። እኔ ግን እስከ ቤት ድረስ በመስኮት ስመለከት መጣሁ። ቾል በር ላይ ቆሞ «ትልቅ ነው?» ሲለኝ፣ «መካከለኛ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምት ቾል ራሱ ማውራት ጀመረ። አባቴና እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ከብቶቹን አንድ በአንድ ያነሡ ነበር፤ የእያንዳንዱን ቀለም፣ እናቱን፣ አመሉን። አንዳንዴ ይስቃሉ። እኔ ከጎናቸው ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የማንጎውን ትምህርት አስታውሼ፣ ሞተሩን ወደ ፊት ገፋ አድርጌ፣ መጀመሪያ የበረረልኝን አውሮፕላን ሠራሁ። ዞረው አላዩትም፤ እኔም «እዩት» አላልኩም። ቾልን ይቅርታ እንኳ አልጠየቅሁትም፣ እሱም ነገሩን አላነሣብኝም። ቾል ከእኛ ጋር ስድስት ዓመት ኖሮ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ማታር ሄደ።

አሁን እኔ ጋምቤላ ውስጥ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ጠጋኝ ነኝ። ጨዋታውን አልተውኩትም። የምሠራቸውን ተዋጊዎች ከማላውቀው አገር ያሉ ሰዎች እያወረዱ ያበሯቸዋል፣ ስለ ክብደት አከፋፈላቸው ይጠይቁኛል፣ «የት ተማርከው?» ይሉኛል። ያኔ አንድ አውሮፕላን ለማንሣት ስንት ዘዴ ስፈልግ የነበርኩ ልጅ፣ ዛሬ የማልችለው የአውሮፕላን ዓይነት የለም ብል ጉራ አይሆንብኝም። ቾል ደግሞ ከነጭራሹ አይጫወትም፤ ጠረፍ ለጠረፍ ከብት ይነግዳል፣ የራሱም በረት አለው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለአባቴ ይደውላል። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፣ ጆሮው ትንሽ ከብዶታል፤ ቢሆንም ስልኩን ይዞ ግማሽ ሰዓት ስለ ከብት ያወራል፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ትዳር ይዤ፣ ያ ሳቅ ከሌላው ክፍል ሲሰማኝ አሁንም እቀናለሁ።

ከአንድ ወር በፊት አባቴ አውርቶ ሲጨርስ ስልኩን ሰጠኝ። «ሳሚ» አለኝ ቾል፣ አማርኛው ከኔ እኩል ሆኗል፣ «አንድ ወይፈን በስምህ ለይቻለሁ። ወንድሜ ያለ በሬ አይሆንም። ቀለሙን አትጠይቀኝም?» ጠየቅሁት። በቋንቋችን አንዲት ቃል ነገረኝ፣ ደስ ብሎት፣ እንደሚገባኝ እርግጠኛ ሆኖ። እኔም «በጣም ያምራል» አልኩት።

ቃሏን ረስቻት እንዳትጠፋኝ ወረቀት ላይ ጽፌያታለሁ። ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነች ግን አላውቅም። በእሷ ልቀባው ብዬ በዚያው ሳምንት የጀመርኩት አውሮፕላን ክንፉ ተገጥሞ፣ ክብደቱ ተመጣጥኖ፣ ሳይቀባ ግራጫውን እንደሆነ ቆሟል። አባቴ ከጎኔ ባለው ክፍል ነው ያለው፤ አንድ ጊዜ ብጠይቀው ይነግረኛል። እስካሁን አልጠየቅሁትም።